የመኝታ ክፍላችን ሻጋታና የልጄ የሌሊት ሳል

እናት ከአዘዞ፦
ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው በጭቃ ተሠርቶ በሲሚንቶ በተለሰነ የኪራይ ቤት ነው። ሐምሌ ገብቶ ዝናቡ ሲበረታ የመኝታ ክፍላችን የኋላ ግድግዳ ከወለሉ እስከ ጉልበት ከፍታ ድረስ ጥቁር ሻጋታ ያወጣል። አምና አከራያችን ቀለም አስቀብተውልን ነበር፤ ዘንድሮ ቀለሙን አሳብጦ ተመልሶ ወጣ። የአራት ዓመት ልጄ አልጋ ከዚሁ ግድግዳ ጋር የተጠጋ ነው። ቀን ሲጫወት ደኅና ይውልና ሌሊት፣ በተለይ ሊነጋጋ ሲል፣ ደረቅ ሳል ያጣድፈዋል፤ ደረቱም ሲር ሲር ይላል። ጎረቤቶቼ ብርድ ነው ስላሉኝ ማታ ማታ የከሰል ምድጃ ማስገባት ጀምሬያለሁ። ሳሉ ከሻጋታው የመጣ ሊሆን ይችላልን? በረኪናስ ያጠፋው ይሆን?

የሕፃናት ነርስ፦
እህቴ፣ ከሁሉ አስቀድመው ከሰሉን ዛሬውኑ ያስወጡት። በተዘጋ ክፍል የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ ያወጣል፤ ጢሱም የሚያስለውን ልጅ ይብስበታል።

ሻጋታው ሳሉን ሊያስነሳም ሊያባብስም ይችላል። በዓይን የማይታይ ብናኝ ወደ አየር ይለቃል፤ የልጆች የአየር ቧንቧ ደግሞ ጠባብ ስለሆነ ጥቂት ሲቆጣ እንኳ ትንፋሻቸው ይታፈናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ስለ ቤት እርጥበትና ሻጋታ መመሪያ ባወጣበት ጊዜ፣ በእንዲህ ያለ ቤት የሚኖሩ ሰዎች በአስምና በመተንፈሻ አካላት ሕመም ምልክቶች የመጠቃት ዕድላቸው እስከ 75 በመቶ ሊጨምር እንደሚችል ገልጿል። ሌሊት የሚብስ ሳልና ሲርታ አስምን ያስጠረጥራል፤ ይሁን እንጂ ሐኪም ደረቱን ሳያዳምጥ ይህ ነው ብሎ መደምደም አይገባም። ተረጋግቶ ሳለ በደቂቃ 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ወይም ሲተነፍስ የደረቱ ታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ከገባ፣ እስኪነጋ አይጠብቁ።

ግንበኛ፦
እኔ ስለ ግድግዳው ልናገር። እርጥበቱ ከታች ወደ ላይ የወጣ ከሆነ ውኃውን የሚያመጣው መሬቱ ነው፤ ስለዚህ ቀለምም በረኪናም አይመልሱትም። ጭቃ የጠጣውን ውኃ መልሶ ይተነፍሳል፤ በሲሚንቶ ሲታፈን ግን መውጫ ያጣል። (የፋሲል ግንብ በኖራ የተያያዘ ነው፤ በጣሊያን ጊዜ በሲሚንቶ የተጠገነውንም ኋላ በኖራ ማረም አስፈልጓል።) አሁን ከቤቱ ኋላ የተከመረውን አፈር ከወለሉ በታች እስኪሆን ዝቅ አድርጎ ቦይ መቆፈርና ለቆርቆሮው አሸንዳ መግጠም ይቻላል፤ የታችኛውን ልስን ፍቆ በኖራ መለሰን ግን ለበጋ የሚቆይ ሥራ ነው። የሞተ ሻጋታም ያስላል፤ ስለዚህ ልጁ በሌለበት፣ አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው፣ በሳሙናና በውኃ ይጠቡት። በረኪና ከተጠቀሙ ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉት።

እናት ከአዘዞ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ከሰሉን አስወጥቼ የልጁን አልጋ ወደ ሳሎን አዛውሬያለሁ፤ ነገ ጠዋት ሐኪም ዘንድ እወስደዋለሁ። አከራያችን ቦዩን ለማስቆፈር ተስማምተዋል፤ የኖራውን ነገር ግን ገና አልተቀበሉትም።