በላዩ ላይ ሴቭ የተደረገ የኤክሴል ፋይል ይመለሳል?

ሰላም ለሁላችሁ። ኮምፒውተር የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ፤ በጣም ጨንቆኛል።

የምሠራው በመሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ነው። የሰኔ 30 ዓመታዊ ቆጠራ ያለበትን የኤክሴል ፋይል ባልደረባዬ እንደ ቅጽ ሊጠቀምበት ከፍቶ፣ የነበረውን አጥፍቶ የሌላ መጋዘን ዝርዝር ሞላበትና በዚያው ስም ሴቭ አድርጎ ዘጋው። ስለተዘጋ ኮንትሮል ዜድ አይሠራም። ሪሳይክል ቢን ውስጥም የለም፤ ፋይሉ አለ፣ የተቀየረው ይዘቱ ነው።

ፋይሉ የሚቀመጠው በሰርቨሩ የጋራ ፎልደር ላይ እንጂ ዋን ድራይቭ ላይ አይደለም። ራይት ክሊክ አድርጌ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ፕሪቪየስ ቨርዥንስን (የፋይሉ የቀድሞ ቅጂዎች የሚታዩበትን) ሳይ ባዶ ነው። ይህ ማለት ሰርቨሩ ላይ ሻዶው ኮፒ (ዊንዶውስ በየጊዜው የፋይሎችን የቀድሞ ይዘት የሚያስቀምጥበት) አልተከፈተም ማለት ነው? ወይስ የአይቲ ባለሙያው ከሰርቨሩ ቢያየው ሊገኝ ይችላል? ኤክሴል በራሱ የሚይዘው መጠባበቂያ፣ አውቶሪከቨርም፣ ፋይሉ በሥርዓት ሲዘጋ ቅጂውን ስለሚያጠፋ እሱ ላይ ተስፋ የለኝም።

ዋናው ጥያቄዬ ይህ ነው። ኤክሴል ሴቭ ሲያደርግ አዲሱን በጊዜያዊ ፋይል ጽፎ የድሮውን ይሰርዛል ይባላል። እንደዚያ ከሆነ በሪከቨሪ ሶፍትዌር የድሮውን ከሰርቨሩ ዲስክ ማውጣት ይቻላል? ሰው ሁሉ እዚያው ዲስክ ላይ እየጻፈ ስለሆነ ሥራው ለጊዜው እንዲቆም ልጠይቅ ወይ?

ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) እና ሞዴል 22 (የዕቃ ወጪ ደረሰኝ) በወረቀት አሉ፤ ገቢና ወጪውን እንደገና መመዝገብ ይቻላል። በቆጠራ የተገኘው ልዩነትና የእያንዳንዱ ዕቃ ማብራሪያ ግን ያለው እዚያ ፋይል ላይ ብቻ ነው። ኦዲተሮች ሊመጡ ነው። የገጠማችሁና የተሳካላችሁ ካላችሁ እባካችሁ ቶሎ ንገሩኝ።