ስሊቭ ከተሰራሁ በኋላ ሁዳዴን መጾም ይቻላል?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
ሰላም ናችሁ ቤተሰብ። ስሊቭ (ክብደት ለመቀነስ ጨጓራን ቆርጦ የማሳነስ ኦፕሬሽን) ከተሰራሁ ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው፣ ኪሎዬም ተመስገን እየወረደ ነው። ጭንቀቴ ሁዳዴ እየገባ መሆኑ ነው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ አቋርጬው አላውቅም። ዳይቲሺያኗ (የአመጋገብ ባለሙያዋ) ፈረንጅ ናት፣ በቀን ከ60 ግራም ፕሮቲን እንዳትወርጂ ብላ ዶሮ፣ እንቁላል፣ እርጎ፣ ዓሳ የሚል ወረቀት ሰጠችኝ፣ ስለ ጾም ሳወራት ቪጋን ነሽ እንዴ አለችኝ፣ አይ 55 ቀን ብቻ ነው፣ ደግሞ እስከ 9 ሰዓት ውሃም አልቀምስም ስላት ደነገጠች 😂። እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታለች፣ እሷ ደግሞ በየሰዓቱ አጥሚት ይዛ ትቆማለች፣ "ሰው ሦስት ማንኪያ በልቶ ይኖራል?" እያለች። እና ጥያቄዬ፣ ሹሮና ምስር ብቻ በልቼ ፕሮቲኑ ይሞላልኛል ወይ? እንጀራስ መቼ ጀመራችሁ? ባለፈው ትንሽ ቀምሼ ደረቴ ላይ ቀርቶ ምራቄን እየተፋሁ አመሸሁ።

እመት ጨጓራ፦
እህቴ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። እኔ ከተሰራሁ ዓመታት ሆኖኛል፣ አሁን እጾማለሁ፣ ግን በመጀመሪያው ዓመት አልጾምኩም፣ አንቺም ዘንድሮን ተዪው ነው የምልሽ። ምክንያቱን ልንገርሽ። ምግቡን ትተሽ መጀመሪያ ውሃውን አስቢ። አሁን አንድ ብርጭቆ ገጭ አድርገሽ መጠጣት አትችዪም አይደል? በጉንጭ በጉንጭ ነው። በቀን አንድ ሊትር ተኩል ምናምን ለመሙላት ከጠዋት እስከ ማታ ጠርሙስ ይዘሽ መዞር አለብሽ፣ ከምግብ ጋር ደግሞ አይጠጣም፣ ከበላሽ በኋላ ግማሽ ሰዓት መቆየት አለብሽ። እስከ 9 ሰዓት ከጾምሽ ከዛ በኋላ እስክትተኚ ባለው ሰዓት ውስጥ ውሃውንም ምግቡንም ቫይታሚኑንም የት ታስገቢዋለሽ? አይገባም በቃ። ሆስፒታል ተመልሰው ከሚገቡት ብዙዎቹ ውሃ አጥሯቸው ነው።

ሹሮን በተመለከተ፣ ሹሮ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ሒሳቡን ስሪው። 100 ግራም የሽምብራ ዱቄት 20 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። 60 ለመሙላት 300 ግራም ዱቄት ማለት ነው፣ እሱ ደግሞ ለቤተሰብ የሚሰራ ድስት ነው፣ አንቺ ከዛ ላይ የምትበዪው አራት አምስት ማንኪያ ነው። የበሰለ ምስርም ግማሽ ኩባያው 9 ግራም ቢሆን ነው። ስለዚህ በጾም ጊዜ ያለ ፕሮቲን ዱቄት አይሆንም። ስትገዢ ግን ጀርባውን አንብቢ፣ ዌይ የሚለው ከወተት ነው የሚሰራው፣ ለጾም የሶያ ወይም የአተር የሚለውን ውሰጂ። እኔ የአተሩን ቀጠን ያለ ምስር ወጥ ውስጥ ከእሳት ካወረድኩ በኋላ እበትንበታለሁ፣ ከፈላ ይጓጉላል።

እንጀራ አትቸኩዪ። ለስላሳና እርጥብ ስለሆነ እንደ ሊጥ ተጠቅልሎ ይቀረቀራል፣ ትኩሱ ይብሳል። ለእኔ መጀመሪያ የተስማማኝ በምጣድ ደርቆ ቋ ቋ የሚለው ነው፣ እሱንም ወጡ ካለቀ በኋላ፣ ቦታ ከተረፈ። ጉርሻ ግን በፍጹም!! የኛ ሰው ጉርሻ ያንቺን ሙሉ ምሳ ያክላል፣ ሰርግ ላይ ከመጡብሽ አፍሽን ሸፍነሽ ሽሺ 😂

አቤል፦
ይቅርታ ግን ጾም ራሱ ያከሳል እኮ፣ አባቶቻችን ያለ ኦፕሬሽን ነው ሸንቃጣ የነበሩት

እመት ጨጓራ፦
@አቤል ወንድሜ ስኳርና ደም ግፊት ይዞህ ጉልበትህ አልታዘዝ ሲልህ ተመለስና እናወራለን። ሰው የሚሰራው ለቁንጅና ብቻ መሰለህ።

ነርስ ነኝ፦
የላይኛዋ ጥሩ ብላለች፣ እኔ የምጨምረው ቫይታሚኑን ነው። ቢ12 ከእጽዋት አይገኝም፣ በዛ ላይ ቢ12ን ለመምጠጥ የሚረዳው ነገር የሚመረተው ጨጓራ ውስጥ ነው፣ የጨጓራሽ ሦስት አራተኛ ያህሉ ደግሞ ወጥቷል። ስለዚህ የሥጋና የወተት ጾም ሲጨመርበት ጉድለቱ ድርብ ነው፣ ክኒኑን ወይም መርፌውን እንዳታቋርጪ። ጾመሽ አልጾምሽ በየጊዜው ደም ተሰሪ፣ ቢ12፣ ፌሪቲን (የአይረን ክምችትሽን የሚያሳየው)፣ ቫይታሚን ዲ። ካልሲየም ሲትሬት የሚለውን ውሰጂ፣ በአንዴ ከ500 ሚሊግራም አይበልጥ፣ ከአይረን ጋር ደግሞ ቢያንስ ሁለት ሰዓት አራርቂያቸው። አይረን ወስደሽ ቡና ላይ እንዳትቀመጪ፣ ቡናና ሻይ አይረኑን ያስቀሩታል (ሦስተኛው ጀበና ድረስ የምትቆዩትን ነው)። ፀጉርሽ ከሦስተኛው ወር ጀምሮ ሊረግፍ ይችላል፣ አትደንግጪ፣ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል፣ ፕሮቲን ካጠረሽ ግን ይብሳል።

አንድ ነገር ግን በጣም ልብ በዪ። ማስመለሱ በየቀኑ ከሆነብሽ "ይለምደኛል" ብለሽ አትቀመጪ። ቢ1 ሰውነት ውስጥ የሚቆየው ለሁለት ሦስት ሳምንት ብቻ ነው፣ ካለቀ ነርቭና አንጎል ይጎዳል። እግር መደንዘዝ፣ ሲራመዱ መንገዳገድ፣ ነገር ሁለት ሁለት ሆኖ መታየት ካለ ቀጥታ ኢመርጀንሲ ሂጂ፣ ኦፕሬሽን መሰራትሽንም ንገሪያቸው።

ሀያት ከዱባይ፦
እኔ ባይፓስ (ጨጓራን አሳንሶ በቀጥታ ከአንጀት ጋር የሚያገናኘው ኦፕሬሽን) ነኝ፣ ረመዳን ላይ ተመሳሳይ ጥያቄ ነበረኝ። ዶክተሬ ዓመት ሳይሞላሽ አይሆንም አለኝ፣ ሼኹም የታመመ ቀዳውን በሌላ ጊዜ ያወጣል አሉኝ፣ አለቀ። ሲሞላኝ ስጾም ያስቸገረኝ ማፍጠሪያው ነው፣ ቴምር ሁለት ሦስት ስበላ ልቤ እየመታ በላብ ተጠመቅሁ፣ ዳምፒንግ የሚሉት ነው፣ ጣፋጩ ከጨጓራ ቶሎ ወደ አንጀት ሲወርድ የሚመጣ። ስሊቭ ላይ ቀለል ይላል ይላሉ ግን የእናትሽ አጥሚት ስኳር ወይ ማር ካለው ተጠንቀቂ እህት።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ለንስሐ አባቴ ደውዬ ነበር፣ ገና ሳልጨርስ "ልጄ፣ ሐኪም የሰጠሽን ብዪ፣ የታመመ ሰው ላይ ጾም አይጫንም፣ አንቺ ጸሎትና ምጽዋቱን ያዢ" አሉኝ። እኔ ስንት ቀን ተጨንቄ። እናቴ ግን አልተዋጠላትም፣ በጾም እንቁላል እዚህ ቤት አይጠበስም ብላለች 🙈 ደግሞ አጥሚቱ ማርም ቅቤም አለው። ምን ላድርግ?

እመት ጨጓራ፦
አባ ራሳቸው ለእናትሽ በስልክ ይንገሯት፣ ካንቺ አትሰማም። አጥሚቱን አትከልክያት ግን፣ ማሩንና ቅቤውን ትታ ቀጠን አድርጋ ትስራልሽ፣ ሲበርድ ለብ እንዳለ የሶያ ፕሮቲን ዱቄቱን አንቺ ጨምሪበት። እንቁላሉን ደግሞ ቀቅለሽ ብዪው፣ ጥብሱ ነው ቤቱን የሚያሸተው 😂

ነርስ ነኝ፦
አስኳሉ በደንብ ይብሰል ግን ላስቲክ እስኪሆን አይቀቀል፣ የደረቀ እንቁላልም ደረት ላይ ይቀራል። በሹካ ፈጭተሽ በትንሽ እርጎ ለውሺው።