ከሥሩ ስድስት ፊደላት ያሉት የአበባ ማስቀመጫ ዕድሜው ስንት ነው?

ጥያቄ፦
ከአክስቴ የወረስኩት ሰማያዊና ነጭ የቻይና ፖርሴሊን ነው። ከሥሩ በድርብ ክብ ውስጥ፣ በሁለት ዓምድ ቁልቁል የተጻፉ ስድስት ፊደላት አሉ። አንድ ነጋዴ «የካንግሺ ዘመን ነው፤ 300 ዓመት አልፎታል» ብሎኛል። ልመነው?

መልስ፦
ወንድሜ፣ ከቀኙ ዓምድ ጀምረህ ስታነበው «በታላቁ ቺንግ፣ በካንግሺ ዘመን የተሠራ» የሚል ይሆናል። ቺንግ የቻይና ሥርወ መንግሥት ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ካንግሺ የነገሠው እ.ኤ.አ. ከ1661 እስከ 1722 ነው። ነገር ግን በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ የቻይናዋ የፖርሴሊን ከተማ የጂንግደዠን ሠሪዎችም ስሙን በብዛት ይጽፉ ነበር፤ ሁሉም ለማጭበርበር አይደለም፣ የቀደሙትን ለማክበርም ነው። እኔ ፊደሉን የማየው በመጨረሻ ነው። ገልብጠውና የሚያብለጨልጨው ልባስ ያልነካውን የእግሩን ጠርዝ በጣትህ ዳብሰው። በአገልግሎት ብዛት ያለቀ ጠርዝ ይለሰልሳል፤ ጭረቱም ወዲያና ወዲህ የተበተነ ነው። ጭረቶቹ እንደ ወታደር ከተሰለፉ የብርጭቆ ወረቀት ሥራ ነው። እኔም አንድ ጊዜ ተሞኝቻለሁ፤ በጠርዙ ላይ ያየሁት «ጥንታዊ» ቡናማ ቀለም በውኃ ሲታጠብ ለቀቀ!

ሌላ መልስ፦
ሥዕሉን በአጉሊ መነጽር እይ። እኩል የተደረደሩ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ካሉ ታትሟል እንጂ በብሩሽ አልተሳለም።

ጠያቂው፦
ጭረቱ የተበተነ ነው፤ ነጠብጣብም የለም። ግን ያረጀውን የወረቀት ምልክት ስልጠው በቀይ የላቲን ፊደል «ቻይና» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

መልስ፦
እንግዲያው ተያዘ! እ.ኤ.አ. ከ1891 ጀምሮ የአሜሪካ የቀረጥ ሕግ ዕቃው የተሠራበት አገር ስም እንዲጻፍበት ያስገድድ ነበር። የአንተው ከዚያ ወዲህ ወደ ውጭ የተላከ ይመስላል። ነጋዴው 170 ዓመት ያህል መርቆልሃል።