የክበቡ 20 ኢኤስፒ32 (ዋይፋይ ያላቸው ትንንሽ ቦርዶች) ይነቀሉ ወይስ ይቀጥሉ? (አዳማ)

ፍራንኮ32፦ ትናንት እዚህ «ሰፈሩ ጨለማ ውጦት እናንተ ክበብ ውስጥ ቢትኮይን ታወጣላችሁ፣ ቦርዶቹ ይነቀሉ» ብሎ የጻፈው ሰውዬ አንድ ነገር ይመልስልኝ። ኢኤስፒ32 ስንት ዋት ይበላል? እኔው ልንገረው። ሁለቱም ኮር እየሠራ፣ ዋይፋይ ተከፍቶ፣ ስክሪኑም በርቶ፣ 1 ዋት ቢሞላ ነው። 20ው ሲደመር 20 ዋት። የፓወር ሰፕላዩን ብክነት ጨምርና 26 በለው። በወር 19 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ። ሰፈራችን ፍራንኮ የሚጨልመው በዚህ ነው? አቦ ተዉን! ቦርዶቹ ቁጥር እየሞከሩ ከተሳካላቸው ቢትኮይን የሚሸለሙበት ነጻ ሎተሪ ነው፣ ማንንም አይጎዳም።

እማማ_ቆጣሪ፦ «ሰውዬ» ያልከው እኔን ነው ልጄ። ነጻ ነው ካልክ የክበቡን ቢል ማን እንደሚከፍል ጻፍልኝ።

ፍራንኮ32፦ ይቅርታ እማማ፣ አላወቅኩም። ግን እርስዎም «ሰፈሩ ጨለመ» ብለው ከእኛ ጋር አገናኙት። ትልልቆቹ ዳታ ማይኒንግ (ቢትኮይን አውጪ) ድርጅቶች እንኳ ከሰብስቴሽን (ከማከፋፈያ ጣቢያ) በከፍተኛ ቮልቴጅ ነው የሚወስዱት፣ የሚከፍሉትም በዶላር። የሰፈሩ ትራንስፎርመር ጭነት ሲበዛበት ከነሱም ከእኛም ጋር አይገናኝም።

ባለመልቲሜትሩ፦ የዋቱ ሒሳብ ልክ ነው። «ነጻ ሎተሪ» የሚለው ላይ ግን ቆም በል። 19 ኪሎዋት ሰዓት ማለት 3.5 ኪሎዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ 5 ሰዓት ተኩል ተሰክቶ ማለት ነው። የስንት ቤት እንጀራ ነው? እሱስ በነጻ ነው የሚጋገረው?

ፍራንኮ32፦ ነጻ ያልኩት ትኬት አትቆርጥም ለማለት ነው። ሁሉን ነገር አታጣምሙ።

ዜሮ_ኦም፦ ትኬቱማ ቦርዱ ነው። ደግሞ ብሔራዊ ሎተሪ ቢያንስ ዕጣ የሚወጣበት ቀን አለው። ኔርድማይነር (ቦርዶቹ ላይ የጫናችሁት ቢትኮይን አውጪ ፕሮግራም) በቀድሞው ፈርምዌር (እትም) በሰከንድ 78 ኪሎሃሽ፣ ማለትም 78 ሺህ ሙከራ አካባቢ ነው፣ 20ው 1.56 ሜጋሃሽ (ሚሊዮን)። የዓለሙን ኔትወርክ 600 ኤግዛሃሽ (በሰከንድ 600 ቢሊዮን ቢሊዮን ሙከራ) ብለን ብንይዝ (አልፎታል)፣ አንድ ብሎክ (ሽልማቱ ያለበት የግብይት ጥቅል) ለማግኘት በአማካይ 7 ቢሊዮን ዓመት ይፈጃል። ድንቅነሽ ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት 20ውንም ሰክታቸው ቢሆን፣ እስከ ዛሬ አንድ ብሎክ የማግኘት ዕድሏ ከ2,000 አንድ አይሞላም ነበር።

የኮካ_ልጅ፦ አዲሱ ፈርምዌር የቺፑን ሃርድዌር ሻ (ሃሽ የሚሰላበትን ልዩ ክፍል) ስለሚጠቀም ከ300 ኪሎሃሽ በላይ ይሄዳል። 78 ላይ ቆመህ አታሳንሰው።

ዜሮ_ኦም፦ እሺ በ4 አካፍለው። ወደ 2 ቢሊዮን ወረደልህ። ተደሰት።

የኮካ_ልጅ፦ እያንዳንዱ ብሎክ አዲስ ዕጣ ነው፣ ነገ ጠዋትም ሊወጣ ይችላል። አማካይ ማለት ወረፋ ማለት አይደለም።

ዜሮ_ኦም፦ ወረፋ አላልኩም። ግን ዕጣው ውስጥ ምን ያህል እጅህን እንደምትከት እወቀው። ኖንስ (ቦርዱ እየቀያየረ የሚሞክረው ቁጥር) 32 ቢት ነው፣ 4.29 ቢሊዮን ቁጥር። በ78 ኪሎሃሽ አንድ ቦርድ ይህን ሞክሮ ለመጨረስ 15 ሰዓት ያስፈልገዋል፣ አዲስ ብሎክ ደግሞ በአማካይ በየ10 ደቂቃው ይመጣል። ሳይጨርስ ሥራው ይቀየርበታል። ባለ 200 ቴራሃሹ ኤስ21 (ለማይኒንግ ብቻ የተሠራ ማሽን) ይህንኑ በሰከንድ ከ46,000 ጊዜ በላይ ይጨርሰዋል። እሱ ግን 3,500 ዋት ይበላል፣ እሱን ብትሰኩ እማማን እደግፍ ነበር።

እማማ_ቆጣሪ፦ አሁንም የቢሉን አልመለሳችሁም።

ጀማሪው፦ ዱዊኖ ኮይን (ሌላ ክሪፕቶ ገንዘብ) ለምን አይሆንም? እሱ እኮ ለደካማ ቦርድ የተሠራ ነው። አርዱዊኖ ኡኖ እንኳ ይሠራል አሉ።

ባለመልቲሜትሩ፦ ይሠራል። ግን ኡኖ ኢንተርኔት የለውም፣ ሥራውን በዩኤስቢ የሚያቀብለው ኮምፒውተር ቀንና ሌሊት ፓይተን እያስኬደ መቆየት አለበት። ሩብ ዋት የሚበላ ቦርድ ለማሠራት ዴስክቶፕ 60፣ 80 ዋት ይበላል። ኢኤስፒ8266 ወይም 32 ከሆነ ራሱ በዋይፋይ ይገናኛል። ግን 20 ቦርድ በአንድ አካውንት ብትደረድር ኮልካ የሚሉት ሥርዓታቸው ቦርድ በጨመርክ ቁጥር የእያንዳንዱን ክፍያ ይቀንሰዋል። እንዳትበዛ ነው የተሠራው።

ፍራንኮ32፦ እኛ የምንሠራው ለገንዘብ አይደለም፣ ለትምህርት ነው።

ዜሮ_ኦም፦ ጠዋት ሎተሪ፣ ከሰዓት ትምህርት። ትምህርት ከሆነ አንድ ቦርድ ይበቃል! የብሎክ ሄደር (የሚሰላው የብሎኩ ራስጌ) 80 ባይት እንደሆነ፣ የመጀመሪያው 64 ባይት አንዴ ተሰልቶ ሚድስቴቱ (የመሃል ውጤቱ) ከተያዘ ኖንስ በተቀየረ ቁጥር የቀረው 16 ባይት ብቻ እንደሚሰላ፣ ይህን በአንድ ቦርድ በአንድ ከሰዓት ታሳያለህ። 19ኙ ምን ያስተምራሉ?

የኮካ_ልጅ፦ ፓወር ማከፋፈል ያስተምራሉ። ሁሌ ሪሴት የሚያደርጉት ለምን ይመስልሃል?

ባለመልቲሜትሩ፦ እሱን እኔ ልመልስ፣ መጠየቅህ ግን ደስ አይልም፣ ያቀድከው አንተ ነህና። 3 ሜትር የቻርጀር ገመድ ነው የተጠቀምከው። ውስጡ 28 ጌጅ ሽቦ ነው፣ በሜትር 0.21 ኦም፣ ደርሶ መልስ 6 ሜትር 1.28 ኦም። ዋይፋዩ ሲልክ ግማሽ አምፒር ከሳበ 0.64 ቮልት መንገድ ላይ ቀረ። ከ5 ቮልቱ ቦርዱ የሚያገኘው 4.36 ነው። ኤኤምኤስ1117 ሬጉሌተሩ (ቮልቴጅ አስተካካዩ) 3.3 ለማውጣት ከ1.1 እስከ 1.3 ቮልት ትርፍ ስለሚፈልግ አይበቃውም። ሲሪያል ሞኒተሩን (የቦርዱን መልእክት የሚያሳየውን መስኮት) በ115200 ክፈትና «ብራውንአውት» (ቮልቴጅ ወርዷል) የሚለውን ታያለህ። ገመዱን አሳጥር፣ ወፈር ያለ አድርገው፣ 5 ቮልቱና ግራውንዱ መካከል 470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አስገባ። ዋልታውን ግን ተጠንቀቅ፣ ተገልብጦ ከተገጠመ ሊፈነዳ ይችላል። 20ውን በአንድ ሃብ ሳይሆን በ5 ቮልት 10 አምፒር ሰፕላይ በየራሳቸው መስመር አገናኝ።

የኮካ_ልጅ፦ ብራውንአውቱን በኮድ ማጥፋት ይቻላል እኮ።

ባለመልቲሜትሩ፦ ይቻላል፣ የጭስ ደወልንም ባትሪውን አውጥቶ ዝም ማሰኘት ይቻላል። ቮልቴጁ ወርዶ ፍላሽ ላይ ሲጽፍ ዳታው ሲበላሽ እንዳታለቅስ።

ጀማሪው፦ የኔ ኮድ ላይ ግን ብራውንአውት አይልም፣ «ታስክ ዋችዶግ» ነው የሚለው።

ዜሮ_ኦም፦ እሱ ሌላ ነው፣ ሥራ ሲንጠለጠል የሚያስነሳ ጠባቂ ነው። የሃሽ ሉፑ ኮር 0ን አላስተነፍስ ብሎት አይድል ታስኩ (የቺፑ የእረፍት ሥራ) ጊዜ አጥቷል። በየተወሰነው ሃሽ መሃል ቪታስክዲሌይ 1 (አጭር እረፍት) አስገባ። ራውተርህም 2.4 ጊጋኸርዝ መክፈቱን እይ፣ ኢኤስፒ32 5ውን አያይም።

እማማ_ቆጣሪ፦ የምታወሩት ሁሉ ይገባኛል፣ እዚህ ያለሁት ስለማውቀው ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ ነው አለ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ኢንሳ (የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር) ማይኒንግ ላይ የተሰማሩ ይመዝገቡ አለ። ክበቡ ተመዝግቧል?

ፍራንኮ32፦ እማማ፣ ምንም ያላገኘ ሰው ምን ይገበያያል? 1 ዋት ይዞ «ተሰማርቷል» ይባላል እንዴ?

ዜሮ_ኦም፦ ይህቺን እወዳታለሁ። ቢል ሲጠየቅ ሎተሪ ነው፣ ምዝገባ ሲጠየቅ ምንም አያወጣም።

ባለመልቲሜትሩ፦ እኔ ይነቀሉ ከሚሉት ጋር አይደለሁም። ግን 10ሩ ላይ ዜድኤምፒቲ101ቢ የቮልቴጅ መለኪያ ሞጁል ይገጠምና በየሰፈሩ ሶኬት ላይ ይቀመጡ። መብራቱ መቼ እንደሄደ፣ ሲመለስ ስንት ቮልት ሆኖ እንደመጣ ይመዝግቡ። መብራት ሲጠፋ ቦርዱም አብሮ እንዳይጠፋ ትንሽ ባትሪ ይኑረው። ያኔ ፍራንኮ በማን እንደጨለመ በቁጥር እንነጋገራለን።

የኮካ_ልጅ፦ ካሊብሬሽኑን (ልኬቱን ማስተካከሉን) ማን ይሠራል? ያ ሞጁል በፖቴንሾሜትሩ (በትንሿ ማስተካከያ ብሎን) ካልተስተካከለ ቁጥሩ ልክ አይሆንም።

ባለመልቲሜትሩ፦ መልቲሜትር ያለው ሰው።

ፍራንኮ32፦ እሺ 10ሩን ውሰዱ። 10ሩ ግን ማይን ያደርጋሉ። ነጻ ሎተሪ ነው ብያለሁ።

እማማ_ቆጣሪ፦ የግማሹን ቢልስ ማን ይከፍላል?