ፓስወርድ የሰጠም የተቀበለም ይባረር?

ጠያቂዋ፣ ከሒሳብ ክፍል፦ ሰላም ናችሁ? የምሠራበት ድርጅት፣ ስሙ ይቅር፣ አዲስ መመሪያ አውጥቷል። በሒሳብም በመጋዘንም ሶፍትዌር ላይ የራሱን ዩዘር ለሌላ የሰጠ፣ በሌላ ሰው ዩዘርም የገባ፣ ያለማስጠንቀቂያ ይሰናበታል ይላል። እስከ ትናንት ግማሹ ቢሮ የሚሠራው በአንድ ፓስወርድ ነበር። ተገቢ ነው ወይስ በዝቷል?

ኦዲተሩ፦ ተገቢ ነው። እንዲያውም ዘግይቷል። አንድ ቦታ ሒሳብ ስመረምር የተሰረዙ ደረሰኞች አገኘሁ። ማን ሰረዘ? ሲስተሙ “አድሚን” ይላል። አድሚን ማነው ስል ቢሮው ውስጥ ያለው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። እዚያው ምርመራው ቆመ። ባንኮች ሜከርና ቼከር የሚሉት ለዚህ ነው፤ አንዱ ያስገባል፣ ሌላው ያጸድቃል። ሁለቱንም ፓስወርድ አንድ ሰው ካወቀው የሁለት ሰው ፊርማ የሚፈልገውን ቼክ ብቻውን ፈረመ ማለት ነው።

አንድ ታዛቢ፦ እኛ ጋ ፓስወርዱ የድርጅቱ ስምና 123 ነው። ቀጥሉ፣ እየተማርኩ ነው 😂

ከባንክ ቤት፦ ኦዲተሩ ወንድሜ፣ ወረቀት ላይ ትክክል ነህ። መስኮቱ ላይ ግን ሌላ ነው። ደንበኛ ከተለሯ (ከገንዘብ ከፋይዋ) ገደብ በላይ ብር ሊያወጣ ይመጣል። ሱፐርቫይዘሩ ኦቶራይዝ ማድረግ (ማጽደቅ) አለበት። እሱ ስብሰባ ነው። ሰልፉ በር ደርሷል፣ ደንበኛው ይጮኻል። ስልክ ሲደወልለት “በእኔ ግቢና ጨርሺው” ይላል። እምቢ ብትል “ሥራ የማትችል” ትባላለች። እሺ ብላ ነገ ብር ቢጎድል፣ መጀመሪያ የምትጠራው እሷ ናት። መመሪያው የሚያስፈራው ማንን ነው ታዲያ? እሱን ወይስ እሷን?

የአይቲ ሰው፦ እኔ የማየውን ልናገር። በቀን የሚደወልልኝ “ለእሱ የከፈትክለትን ለእኔም ክፈትልኝ” ነው። “ዝጋልኝ” ብሎ የደወለ ሰው አላስታውስም። አንዱ ከግዥ ወደ መጋዘን ይዛወራል፣ ከመጋዘን ወደ ሒሳብ። የሦስቱም ክፍል ፈቃድ አብሮት ይዞራል። ስለዚህ በራሱ ዩዘር፣ ፓስወርድ ከማንም ሳይቀበል፣ ዕቃ ያዛል፣ ይረከባል፣ ክፍያ ያዘጋጃል። በአዲሱ መመሪያ ይህ ሰው ምንም ጥፋት የለበትም! ፈቃድ ለሰው ሳይሆን ለሥራ መደብ ነው መሰጠት ያለበት፤ መደቡ ሲቀየር የድሮው ይነሳል። ሐምሌ 2020 በፈረንጆቹ ትዊተር ላይ የደረሰውን አስታውሱ። ጠላፊዎቹ ሠራተኞችን በስልክ አታለው የውስጥ መሣሪያውን አገኙ፤ ከዚያ በኦባማና በባይደን አካውንት ቢትኮይን ላኩልን ብለው ጻፉ። እዚያ መሣሪያ ላይ እጁ የሚደርስ ሰው በበዛ ቁጥር የሚታለል አይጠፋም።

ኦዲተሩ፦ ይህ እኔን ነው የሚደግፈው። የእንግሊዙን ባሪንግስ ባንክ እዩ። ኒክ ሊሰን ሲንጋፖር ላይ ይነግዳል፣ የንግዱን ሒሳብ የሚያወራርደውም ክፍል በእሱ ሥር ነበር። ኪሳራውን ደብቆ ደብቆ 827 ሚሊዮን ፓውንድ ደረሰ፤ ባንኩ በ1995 በፈረንጆቹ ወደቀ። ልቅ አሠራር መጨረሻው ይኸው ነው።

ከባንክ ቤት፦ እሺ፣ ሁለቱን ሥራ ማን ሰጠው? አለቆቹ! ፓስወርድ ተዋውሶ አይደለም እኮ። ተለሯን ብታባርሩ ባሪንግስ አይድንም ነበር። አንተው ራስህ መለስክልኝ።

ኦዲተሩ፦ ይሄን እቀበላለሁ። ማባረሩ ግን ከላይ ይጀምር እንጂ አይቅር።

የሕግ ባለሙያ፦ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 27 ያለማስጠንቀቂያ የሚያሰናብቱ ጥፋቶችን ይዘረዝራል። ፓስወርድ የሚል የለበትም። በኅብረት ስምምነት የተጻፈ ሌላ ጥፋት ግን ሊገባ ይችላል። አሠሪው ብቻውን ጽፎ የለጠፈው ግን አከራካሪ ነው። ሌላም ነገር አለ፣ ቀላል አይደለም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ 958/2008 ያለ ፈቃድ የገባን ብቻ ሳይሆን ከተፈቀደለት በላይ የሄደንም ይጠይቃል። “ሁሉም እንደዚህ ነው የሚሠራው” ማለት አያድንም።

ጠያቂዋ፦ አስደነገጥከኝ። አለቃዬ በስልክ “በእኔ ግቢ” ካለኝ ተፈቅዶልኛል ማለት አይደለም?

የሕግ ባለሙያ፦ በስልክ ያለውን ነገ አላልኩም ቢል ምን ትይዣለሽ? በኢሜይል ይላክልሽ። ካልላከ አትግቢ።

ከባንክ ቤት፦ “አትግቢ” ማለት ለሚናገረው ቀላል ነው። መመሪያው መጀመሪያ ውክልናን ይፍቀድ። አለቃው ሲወጣ ማጽደቁን በሲስተሙ ለምክትሉ ያስተላልፍ፣ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ተብሎ፣ በምክትሉ በራሱ ዩዘር። ይህ እያለ የተዋዋሰ ይቀጣ፣ እኔም አልከራከርም።

ጠያቂዋ፦ የእኛ ሶፍትዌር ይህን ይችል ይሆን?

የአይቲ ሰው፦ ብዙዎቹ ይችላሉ። ባይችልም ለምክትሉ የማጽደቅ ፈቃድ ያለው የራሱ ዩዘር ይከፈትለትና ሌላ ጊዜ ተዘግቶ ይቆይ። ከባዱ መዝጋቱ ነው። ሥራ የለቀቀ ሰው ክሊራንስ ሲዞር አይታችኋል? መጋዘን ይፈርማል፣ ሒሳብ ይፈርማል፣ ቤተ መጻሕፍት ሳይቀር ይፈርማል። ዩዘሩ ተዘግቷል የሚል ቦታ ወረቀቱ ላይ የለም። ለሰው ኃይል ክፍል ይጨመር ብዬ ጽፌላቸዋለሁ፣ እስካሁን መልስ የለም። እናንተስ ጋ አለ?

አንድ ታዛቢ፦ እኛ ጋ ከለቀቀ ሰው ዩዘር ነው ሪፖርት የምናወጣው 🙈