የእህቴ ልጅ 3 ዓመት ሞላው፣ ከየት ልጀምር?

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ የታናሽ እህቴን ልጅ አሳድጋለሁ። እህቴ አረቄ እያወጣች ነው የምትተዳደረው፤ እርጉዝ ሆናም ትጠጣ ነበር። (እኔም እያየሁ ዝም ብያለሁ።)

ልጁ ከአሥር ቃል በላይ አይናገርም፣ ሌሊት አይተኛም። ምድጃ ነክቶ ተቃጥሎ በማግስቱ ያንኑ ይነካል። ጎረቤት "ባለጌ ነው፣ ግረፊው" ይለኛል።

አንድ ሐኪም የላይኛው ከንፈሩን መሳሳት አይቶ፣ እናቱ የጠጣችው አልኮል በእንግዴ ልጁ አልፎ አንጎሉን ጎድቶት ሊሆን እንደሚችል ነገረኝ። የሚያድን መድኃኒት የለም፤ ግን ድጋፉ በጊዜ፣ ከ6 ዓመቱ በፊት ቢጀመር ብዙ ይረዳዋል አለ። የት እንደሆነ ሳይነግረኝ ወረፋው አስወጣኝ።

በአቃቂ ቃሊቲ በኩል የንግግር ሕክምና የሚሰጥ ታውቃላችሁ? ጥቁር አንበሳ ለመግባትስ የጤና ጣቢያ ሪፈር ግድ ነው? ሁለት ታክሲ ይዤ ሄጄ እንዳልመለስ ብዬ ነው።

ለጊዜው በአንዴ አንድ ነገር ብቻ አዘዋለሁ፣ የመኝታ ሰዓቱንም አላዛባም። ትንሽ የረዳው ይመስለኛል።

ደግሞ እህቴ ዳግም አርግዛለች። ሳላስቀይማት እንዴት ላናግራት?