ቤት ስንገዛ የሚሰጡን «ፕላት» ካርታ ነው ወይ?

ሰላም ለሁላችሁም። ሜሪላንድ ውስጥ ቤት የገዛች እህታችን ክሎዚንግ ላይ (የግዢው ማጠቃለያ ፊርማ ላይ) ከተሰጣት የወረቀት ክምር ውስጥ «ፕላት» የሚል አግኝታ፣ «ይሄ እንደ አገራችን ካርታ ነው? ቢጠፋብኝስ?» ብላ ጠይቃለች። የብዙዎቻችን ጥያቄ ስለሆነ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

እህቴ፣ ካርታ አይደለም። አዲስ አበባ «ቤቱ ካርታ አለው?» ስንል የይዞታ ማረጋገጫውን ማለታችን ነው። አሜሪካ ግን ባለቤትነትና የመሬቱ ሥዕል ለየብቻ ናቸው። ቤቱ የማን እንደሆነ የሚናገረው ዲድ ነው። ፕላት የሚያሳየው መሬቱ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ነው። ስምሽ ፕላቱ ላይ ባይኖር አትደንግጪ። ቤቱ ስንት ጊዜ ቢሸጥ ፕላቱ ያው ነው። ዋናው በመንግሥት መዝገብ ስላለ ኮፒው ቢጠፋም ቤትሽን ማንም አይነካብሽም።

ቃሉ አሮጌ ነው። ለቁራሽ መሬት «ፕሎት» የሚሉት ቃል ሌላ መልክ ሲሆን፣ ጠፍጣፋ የሚል ትርጉም ያለው የፈረንሳይኛ «ፕላ» ተጽዕኖ አድርጎበታል። በ1611 የታተመው የኪንግ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ በ2ኛ ነገሥት 9፥26 የናቡቴን መሬት የሚጠራው በዚሁ ቃል ነው። ያኔ ትርጉሙ መሬቱ ራሱ ነበር። ኋላ መሬቱ ተለክቶ የተሳለበት ወረቀትም ፕላት ተባለ። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ የምንሰማው ይሄኛውን ነው።

እኛ አገር መሬት በቀላድ (በመለኪያ ገመድ) እንደተለካው ሁሉ፣ አሜሪካኖችም የለኩት በሰንሰለት ነው። አንዱ ሰንሰለት 66 ጫማ፣ 80ው አንድ ማይል። በ1785 በወጣው ሕግ ከኦሃዮ ጀምሮ የነባር ሕዝቦች አገር 6 ማይል በ6 ማይል እየተሸነሸነ ለሽያጭ ቀረበ። እያንዳንዱ ሽንሽን 36 ሴክሽን (1 ማይል በ1 ማይል የሆነ ቁራሽ)፣ አንዱ ሴክሽን 640 ኤከር። ሲያትል፣ ዴንቨርና ሚኒያፖሊስ ያላችሁ በዚያ ፍርግርግ ላይ ነው የምትኖሩት። ሜሪላንድና ቨርጂንያ ከዚያ በፊት ስለተያዙ መሬቱ ወንዝና ትልልቅ ዛፍ እየተጠቀሰ ነው የተከለለው።

አሁን ወረቀቱን ዘርጊው። መጀመሪያ የሰሜን ቀስቱንና ስኬሉን እዪ። ከዚያ የሎት (የቁራሽ መሬትሽ) እና የብሎክ (ሎቶቹ ያሉበት ክፍል) ቁጥርሽን ፈልጊ፤ ዲዱም ላይ ያለው እሱ ነው። በእያንዳንዱ ጎን ላይ አቅጣጫው በዲግሪ፣ ርዝመቱ በጫማ ተጽፏል። በነጠብጣብ ወይም በተቆራረጠ መስመር የተለየ ቦታ ካየሽ ተጠንቀቂ፤ ኢዝመንት ሊሆን ይችላል። መሬቱ ያንቺ ነው፣ ግብሩንም የምትከፍይው አንቺ ነሽ፤ ግን የመብራት ወይም የፍሳሽ መስመር የሚያልፍበት ስለሆነ ድርጅቱ ገብቶ የመሥራት መብት አለው። እዚያ ላይ ሼድ ብትሠሪ ሊያስፈርሱሽ ይችላሉ። ሌላው መታየት ያለበት፣ ቤት ሊሠራበት የማይቻለውን ጠርዝ የሚያሳየው መስመር ነው። ጓሮ ላይ ክፍል ለመጨመር ያሰበ ሰው ከኮንትራክተሩ ጋር ከመዋዋሉ በፊት ይህንን ማየት አለበት።

በጣም የማሳስባችሁ አንድ ነገር አለ። ሜሪላንድ ክሎዚንግ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሰጡት «ሎኬሽን ድሮዊንግ» የሚባለው ነው። ቤቱ ሎቱ ላይ በግምት የት እንዳረፈ ለአበዳሪው ለማሳየት የተሠራ ነው። ወረቀቱ ራሱ ለአጥር አትጠቀሙበት ይላል፣ ግን በደቃቅ ፊደል ስለሆነ ማንም አያነበውም። አጥር ለማጠር «ባውንደሪ ሰርቬይ» (የወሰን ልኬት) ጠይቁ፤ ባለሙያው መጥቶ ማዕዘኖቹ ላይ ምልክት ይተክልላችኋል። ገንዘቡ ያማል፣ አውቃለሁ። ከጎረቤት ጋር ፍርድ ቤት መካሰስ ግን ከዚያ የባሰ ኪስ ያራቁታል።

የቆየ ሰፈር የገዛችሁ ደግሞ የድሮ ሰነዶቹን ስታገላብጡ ቤቱ ለጥቁር እንዳይሸጥ የሚከለክል አንቀጽ ሊያጋጥማችሁ ይችላል። ሲያነቡት ያማል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1948 ፍርድ ቤቶች እንዳያስፈጽሙት ወስኗል፣ የ1968ቱ የቤቶች ሕግም መድልዎውን ከልክሏል፤ ስለዚህ ዛሬ ምንም ዋጋ የለውም። ሜሪላንድም ቨርጂንያም አንቀጹን የሚሽር ሰነድ ማስመዝገብ ይቻላል። ብታስመዘግቡ ደስ ይለኛል። ልጆቻችን የሚወርሱት ቤት ነው።

የፕላት ኮፒ ለምትፈልጉ፦ ሜሪላንድ ከሆናችሁ የስቴቱ ቤተ መዛግብት ፕላትስ ዶት ኔት ላይ አስቀምጦታል። ቨርጂንያ ያላችሁ የካውንቲያችሁን ሰርኪት ኮርት የመሬት መዝገብ ክፍል ጠይቁ። ሰርቬዩ አልቆ የአጥር ጉድጓድ ከመቆፈሩ በፊት ደግሞ 811 ደውሉ፤ ያለ ክፍያ መጥተው የጋዝና የመብራት መስመሩ የት እንዳለ ምልክት ያደርጉላችኋል።